መልስ ባይኖራችሁም መልሱ

በቅርቡ ሥራ ለጀመሩ ልጆች ስለ ቡና ኤክስፖርት ሰነድ አሠራር ሳስረዳ፣ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ «ደንበኛ በኢሜይል ጠይቆኝ የምሰጠው መልስ ገና ከሌለኝ ምን ላድርግ?» አለኝ። ሰዓት አልቆ ስለነበር በአጭሩ መለስኩለት። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ የቆየ ቁጭት ነካክቶብኛል።

ልጆቼ፣ በጨዋ ቋንቋ ጻፉ፣ ፊደል አርሙ፣ ተናዳችሁ አትጻፉ የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። የምነግራችሁ ሌላ ነገር ነው።

በ2005 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን፣ እሠራበት የነበረው ላኪ ድርጅት 320 ጆንያ የታጠበ ይርጋጨፌ ለሐምቡርግ ገዥ ሸጦ ወደ ጅቡቲ ጫነ። 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ይሞላል። መኪናው ሚሌ ሳይደርስ ካምቢዮው ተሰበረ። ሾፌሩ ደወለልን። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ መሄድ አለበት፤ በዓል በመሆኑ ሱቁ ዝግ ነው፤ መካኒኩም አገር ቤት ገብቷል። መርከቡ ደግሞ የማንንም በዓል አይጠብቅም።

ሰነድ ክፍላችን ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም ያልቆየች ጥንቁቅ ልጅ ነበረች። ሾፌሩ ስልኩን እንደዘጋ ለገዥው የሚላክ ኢሜይል አርቅቃ አሳየችኝ። ሐሳቡ በአማርኛ ይህ ነበር፦ «ቡናዎን የጫነው መኪና ሚሌ አካባቢ ተበላሽቷል። በተያዘለት መርከብ ላይሄድ ይችላል ብለን እንሰጋለን። የሚቀጥለው መርከብ መቼ እንደሚነሳ አጣርተን ነገ እስከ ቀትር እናሳውቅዎታለን።» ይኸው ነው። የሆነውን፣ ሊያስከትል የሚችለውንና ቀጣዩ ወሬ የሚመጣበትን ሰዓት ይናገራል። ሰበብ አላበዛችም፤ ልምምጥም አልጨመረችበትም። ብዙ ደብዳቤ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የሚሻል ጥቂት ነው።

ሥራ አስኪያጃችን አይላክም አሉ። «መጥፎ ወሬ ለመንገር ምን ያስቸኩለናል? መኪናው ይጠገንና የተሟላ መልስ እንሰጠዋለን።» ልጅቷ ተከራከረች፤ እኔም የበኩሌን ተናገርኩ፤ አልሆነም። ክፉ ሰው አልነበሩም። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው፤ እሳቸውም ያደጉት በዚህ ወግ ነው። ለሐዘን መልካም ወግ ነው፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። ገዥ ግን እንዲያጽናኑት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጊዜ ነው።

ሐምቡርግ የእኛን ፋሲካ አያውቅም። በዚያ ዓመት የእነሱ ፋሲካ ካለፈ ከወር በላይ ሆኖት ነበር። ሰውየው ቢሮው ቁጭ ብሎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ኢሜይሉ ሰላምታ የበዛበት ነበር፤ ኮንቴነሩ መርከብ ላይ ወጣ ወይ ይላል። ሁለተኛው የመርከቡን ስምና ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለውን የመርከብ ጭነት ሰነድ ቁጥር ጠየቀ። ሁለቱም መልስ አላገኙም።

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ ለድርጅቱ የፌስቡክ ገጽ የበዓል ፎቶ ይለጠፍ ብለው ያቺኑ ልጅ አዘዟት። ሁላችንም የሐበሻ ልብስ ለብሰን፣ ድፎ ዳቦው መሃላችን፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ጀበናው ተጥዶ። «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ» የሚል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ገዥው ገጻችንን ይከታተል ነበር። ሦስተኛው ኢሜይሉ ያንኑ ፎቶ አያይዞ መጣ፤ ከሥሩ አንድ መስመር፦ «መልካም በዓል። ኮንቴነሬ የት ነው?»

እስክሪኑ ላይ ያየሁት ያ መስመር አሁንም አይጠፋብኝም።

ቡናው በሚቀጥለው መርከብ ሄደ። ጥራቱ እንከን አልወጣለትም፤ ገንዘቡም ተከፈለ። ሰውየው ግን ሌላ ቡና ከእኛ አልገዛም። በስንብት ደብዳቤው የጻፈውን ማንም ወጣት ነጋዴ ሊያውቀው ይገባል። መዘግየቱ አላስቆጣውም፤ መኪና እንደሚበላሽ ያውቃል። ቢነገረው ኖሮ ቡናውን ለሚቆላው ደንበኛው ቀድሞ ያሳውቅ ነበር፤ ለጊዜው የሚሆነውን ያህል ደግሞ እዚያው ሐምቡርግ መጋዘን ካለ ቡና ይገዛለት ነበር። ዝም ባልንባቸው ቀናት ይህ ሁሉ ዕድል አለፈው። እኛ ክብራችንን የጠበቅን መስሎን የሰውየውን ጊዜ በላንበት።

ከዚያ «ፎቶውን ለምን ለጠፍሽ?» ተብሎ ተግሣጹ በልጅቷ ላይ ወረደ። የታዘዘችውን ነው የለጠፈችው። ትክክለኛውን ደብዳቤ የጻፈችም እሷው ነበረች፤ ሳይላክ ድራፍት ውስጥ ቀረ። ብዙ ሳትቆይ ከቡና ሥራ ወጣች። ገዥ ይተካል፤ እኔን የሚቆጨኝ የእሷ መሄድ ነው።

ሥራ ስጀምር ቢሮ የነበረው ቴሌክስ ነው፤ ጽሑፍ በመስመር የሚያስተላልፍ የጽሕፈት መሣሪያ። ኦፕሬተሩ መልእክቱን አስቀድሞ ወረቀት ጥብጣብ ላይ ይበሳዋል፤ መስመሩ ሲገኝ ጥብጣቡን አስገብቶ ባንድ ጊዜ ያሳልፈዋል። ክፍያው በቆየው ጊዜ ልክ ስለነበረ ትርፍ ቃል እናወጣ ነበር። የእኛ ኦፕሬተር ቀዳዳዎቹን በጣቱ እየዳበሰ ያነብ ነበር። ዛሬ መላክ ቀሏል፤ እናንተም ከእኛ ፈጣን ናችሁ፣ እንግሊዝኛችሁም ይሻላል። ግን «ሰላም» ብላችሁ ብቻ ትልኩና ሰውየው እስኪመልስ ሥራውን ትይዙታላችሁ። ሰላም ካላችሁ ጉዳዩን እዚያው አስከትሉ። የቴሌግራም ረጅም የድምፅ መልእክትም ለጓደኛ ነው፤ ዋጋና ቀን በድምፅ ከተነገረ ነገ ፈልጎ ማን ያገኘዋል? በቴሌግራም የተስማማችሁትን በዚያው ቀን በኢሜይል አጽኑት። እንዲህ ስላችሁ ግን ሰላምታውን ቆርጣችሁ ጣሉት ማለቴ አይደለም፤ የታመመ ልጁን የጠየቃችሁለት ገዥ ብዙ ይታገሣችኋል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያላችሁት ለውጭ ሰው 9 ሰዓት ነው። ሐምቡርግ ደግሞ በበጋቸው ከእኛ በ1 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ2 ሰዓት ወደኋላ ነው። ስለዚህ ስትጽፉ የማን አገር ሰዓት እንደሆነ ጨምሩ። ወሩንም በስሙ ጻፉት፤ 05/03 ብትሉ አሜሪካዊው ሜይ 3፣ ጀርመኑ ማርች 5 ብሎ ያነበዋል። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ የውሉን ቁጥር አስቀምጡ፤ «አስቸኳይ» የሚለው ቃል ለፈላጊ አይረዳም።

ያ ወጣት ከክፍሉ ስንወጣ «አለቃዬ አትጻፍ ቢለኝስ?» ብሎ ጨምሮ ነበር። ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ተቃወም ብዬ እንጀራህን አላስቆርጥህም። እንዲህ አድርግ፦ ምክንያትህን ለአለቃህ በጽሑፍ ስጥ፤ በሁለት መስመር፣ በትሕትና። ከዚያ የመኪናውን ነገር ሳታነሳ ለገዥው «ኢሜይልዎ ደርሶኛል፤ እያጣራሁ ነው፤ ነገ እስከ ቀትር እጽፍልዎታለሁ» ብለህ እንድትመልስ ብቻ ፈቃድ ጠይቅ። ያን ሰሞን ይህን መንገድ ያሰበልን ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት ግን ይህን ያህሉን የከለከለ አለቃ አልገጠመኝም። ነገ ቀትር ሲደርስም፣ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ፣ ጻፍለት።