ጂፍ የበላውን ቀለም ፒኤንጂ አይመልሰውም

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው፦ ፀሐይ ስትጠልቅ ያነሡት ፎቶ ላይ ቀይ ጽሑፍ ጨምረው ጂፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሲያስቀምጡት ሰማዩ መስመር መስመር ሆነ፤ ጄፔግ በሚባለው ሌላ ዓይነት ሲያስቀምጡት ሰማዩ ዳነ፣ የጽሑፉ ጠርዝ ግን ደበዘዘ። አሁን ጂፉን ወደ ሦስተኛ ዓይነት፣ ወደ ፒኤንጂ፣ ብለውጠው ቀለሙ ይመለስ ይሆን ብለዋል። አይመለስም። ይህን የምለው አጉል ተስፋ ላስቆርጥዎ ሳይሆን፣ እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ መንገድ ሄጄ ባዶ እጄን ስለተመለስኩ ነው።

ከዓመታት በፊት ዲስኬ ሞልቶ አላስቀምጥ ሲለኝ አንድ ሙሉ የፎቶ ማኅደር በጅምላ ወደ ጂፍ ለወጥኩ፤ ዋናዎቹንም አጠፋሁ። በትንሹ ሲታዩ ምንም አልጎደላቸውም ነበር። አንዱን በሙሉ መጠኑ ስከፍት የሰው ጉንጭ ካርታ መስሎ አገኘሁት። ደንግጬ ወደ ፒኤንጂ መለስኩት። ቀለም በሚቆጥር መሣሪያ ስፈትሸው ያው 256 ብቻ ነው። ወደ ጄፔግ ስለውጠው ደግሞ ቁጥሩ ወደ ሺዎች አሻቀበ፤ ለጥቂት ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ እነዚያ አዳዲስ ቀለሞች ጄፔግ ሲጨምቅ የፈጠራቸው ስሕተቶች እንጂ የጠፉት ቀለሞች አልነበሩም።

የጂፍ ነገር እንዲህ ነው። (ፈጣሪው ስቲቭ ዊልሃይት አጠራሩ «ጂፍ» ነው እያለ «ጊፍ» የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ለባለቤቱ አድልቻለሁ።) ኮምፒዩሰርቭ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር መረብ አገልግሎት ድርጅት በ1987 ሲያወጣው በርካታ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ 256 ቀለም እንኳን ማሳየት አይችሉም ነበር። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፒክስል (ምስሉ ለተሠራበት ትንሽ ነጥብ) ቀለሙ ራሱ አይጻፍም፤ የሚጻፈው ተራ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚያመለክተው ቢበዛ 256 ቀለም ወደሚይዝ ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዡ ውስጥ የሚገቡት ቀለሞች ከ16.7 ሚሊዮን መካከል ሊመረጡ ይችላሉ፤ ምርጫው ሰፊ ነው፣ መቀመጫው ግን ጠባብ። በእርስዎ ፎቶ እነዚያን 256 መቀመጫዎች ሰማዩ፣ ተራራው፣ ጥላው እና ጽሑፉ ይሻሙባቸዋል። ከብርቱካናማ ወደ ሐምራዊ ቀስ ብሎ የሚሸጋገር ሰማይ በደረሰው ጥቂት ቀለም ሊሸፈን አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ደረጃ ደረጃ ይለወጣል። አንዳንድ ፕሮግራም ይህን ለመሸሸግ የተለያየ ቀለም ያላቸውን ነጥቦች እያደባለቀ ይበትናል። መስመሩ ይጠፋል፣ በምትኩ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ጄፔግ ሌላ ጠባይ አለው። በተለመደው ጄፔግ ቀይ፣ አረንጓዴ እና ሰማያዊ ለየብቻቸው 256 እርከን አላቸው፤ ሦስቱ ሲባዙ 16,777,216 ቀለም ይሆናል። ለሰማይ ይህ ይበቃል። ታዲያ ጽሑፉን ምን ነካው? ጄፔግ ምስሉን ብርሃን እና ቀለም ብሎ ይከፍለዋል። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ ብርሃን ላይ ንቁ ስለሆነ ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ፒክስል ሲይዝ፣ ቀለሙን ብዙ ጊዜ ለአራት ፒክስል አንድ ብቻ አድርጎ ይይዛል። በፎቶ ላይ ማንም አያስተውለውም። በጥቁር ሰማያዊ ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል ግን ከጀርባው የሚለየው በአብዛኛው በቀለሙ እንጂ በብርሃኑ አይደለም፤ ስለዚህ በትክክል በተቆረጠው ቦታ ላይ ይወድቃል። ነጭ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይጎዳም ነበር። ጊምፕ በተባለው ነፃ የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ጄፔግ ሲያወጡ ከተጨማሪ ምርጫዎቹ መካከል 4:4:4 የሚለውን ቢመርጡ ቀለሙም ለእያንዳንዱ ፒክስል ይያዛል፤ ፋይሉ ይተልቃል፣ ጠርዙ ግን ይጠራል። ዌብፒ የተባለውን ሌላ የምስል ፋይል ዓይነት ላስብ ካሉ ደግሞ መረጃ እየቀነሰ የሚጨምቀው ዓይነቱ ሁልጊዜ ቀለሙን ለአራት እንደሚያካፍል ይወቁ።

ስለዚህ ለእርስዎ ሥራ የምመክረው ባለ 24 ቢት ፒኤንጂ ነው፤ ይህ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ እና ለሰማያዊ ለየብቻቸው 8 ቢት፣ ማለትም 256 እርከን ይሰጣል። ሲያስቀምጡ ግን ይጠንቀቁ፤ ፒኤንጂም ለአንድ ፒክስል በጠቅላላው 8 ቢት ብቻ የሚይዝ ባለ ሰንጠረዥ ዓይነት አለው፣ እሱም እንደ ጂፍ ከ256 አያልፍም። «ፒኤንጂ አድርጌው እንኳን ሰማዩ ተበላሸ» የሚሉ ሰዎችን ፋይል ስመለከት ብዙውን ጊዜ የማገኘው ይህንኑ ነው።

በ24 ቢትም ቢሆን መስመር ሊታይዎት ይችላል። ሰማዩ በ2,000 ፒክስል ስፋት ውስጥ የሚለዋወጠው በ40 እርከን ብቻ ከሆነ እያንዳንዱ እርከን 50 ፒክስል ይሰፋል፤ ይህን ዓይን ይለየዋል። በተለይ ብርሃኑን እና ንጽጽሩን ደጋግመው ካስተካከሉ እርከኖቹ ይራራቃሉ። ካሜራዎ ጥሬ ፋይል (ገና ያልተጨመቀና ያልተቀነሰ የካሜራ መረጃ) የሚሰጥ ከሆነ ባለ 14 ቢቱ ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 እርከን አለው፤ ማስተካከያውን ሁሉ በዚያ ላይ ወይም ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ለእያንዳንዱ ቀለም በ16 ቢት ጨርሰው፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ወደ 8 ቢት የሚወርዱት በመጨረሻ ይሁን።

ዋናው ፎቶ ከስልክዎ ካልጠፋ ከእሱ እንደገና ይጀምሩ። ጠፍቶ ጂፉ ብቻ ከቀረ ግን እኔ ጥቂቶቹን ፎቶዎቼን ለዓይን እንዲያምሩ ያደረግኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ምስሉን ከሰንጠረዥ ቀለም ወደ አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴ እና ሰማያዊ ለየብቻቸው ወደሚያዙበት አሠራር) ይለውጡት፤ ይህን ካልቀደሙ አዲስ ቀለም የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ምንም ቢያደርጉ ለውጥ አያዩም። ከዚያ ሰማዩን ብቻ ለይተው ያደብዝዙት፣ በላዩም እምብዛም የማይታይ ብናኝ ይጨምሩበት። ተራራውን እና ሰዎቹን አይንኳቸው። ቀዩን ጽሑፍ ሸፍነው እንደ አዲስ ይጻፉት፤ እሱን ማስተካከል ድካም ብቻ ነው።