አልዓዛር «ዞምቢ» ነበርን?

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ የዞምቢ (ከመቃብር ተነሥቶ የሚንቀሳቀስ ሙት) ፊልም አዘውትሮ ይመለከታል። በቅርቡ የአልዓዛርን ታሪክ ሳነብለት «ታዲያ እርሱም ዞምቢ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝና የምመልስለት አጣሁ። በእውኑ ጠንቋይ ወይም ሰይጣን ሙት ማስነሣት ይችላልን? እንዲህ ያለውን ፊልም ማየትስ ኃጢአት ነውን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የልጅዎ ጥያቄ ሊያስደነግጥዎት አይገባም፤ የሚሰማውንና የሚያየውን እያስተያየ የሚያስብ ልጅ እንዳለዎት ያሳያል። ስለዚህ ከቁጣ ይልቅ በቂ መልስ ያስፈልገዋል።

የዞምቢ ታሪክ የመጣው በካሪብያን ባሕር ከምትገኘው ከሄይቲ ነው። ፈረንሳዮች አገሪቱን ይገዙ በነበረበት ዘመን ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ተግዘው የተወሰዱ ሰዎች በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በጅራፍ እየተነዱ ይሠሩ ነበር። በዚያ ሕዝብ አፈ ታሪክ፣ ቦኮር የተባለ ጠንቋይ የሞተውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ ፈቃዱንና ንግግሩን ነሥቶ በእርሻው ላይ ያሠራዋል፤ ሰውየው ጨው የቀመሰ እንደ ሆነ ግን መሞቱን አውቆ ወደ መቃብሩ ይመለሳል ይባላል። ሞት እንኳ የማይፈታው ባርነት ይህ ነው፤ ታሪኩን ሳነብ ከአስፈሪነቱ ይልቅ የእነዚያ ወገኖቻችን መከራ ይሰማኛል። ሰው የሚበላውና በንክሻ የሚዛመተው ዞምቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ያስፋፉት ነው፤ በሄይቲው ታሪክ ውስጥ የለም።

የሄይቲ የወንጀል ሕግ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1864 በተጨመረበት ድንጋጌ፣ ሰውን ሳይገድል እንደ ሞተ የሚያስመስል ነገር መስጠትን ከመመረዝ ወንጀል ቆጥሮታል፤ ሰውየው ከተቀበረ ደግሞ ነፍስ እንደ መግደል ይቈጠራል ብሏል። ሕግ አውጪው የፈራው በመድኃኒት የደነዘዘን ሕያው ሰው የሚቀብረውን ክፉ ሰው እንደ ነበር ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናትም ሐኪሞች ዞምቢ የተባሉ ሦስት ሰዎችን መርምረው የአእምሮና የነርቭ ሕመም አገኙባቸው፤ በሁለቱ ላይ የተደረገው የዘረ መል ምርመራም «የእኛ ሙት ነው» ካሏቸው ቤተሰቦች ጋር የሥጋ ዝምድና እንደሌላቸው አሳየ።

ወደ ሃይማኖታችን ስንመለስ፣ ሞት ማለት የነፍስ ከሥጋ መለየት ነው፤ መክብብም አፈር ወደ ነበረበት ምድር፣ ነፍስም ወደ ሰጠው ወደ እግዚአብሔር እንደሚመለስ ይናገራል (12፥7)። ከሥጋ የተለየችውን ነፍስ ጠርቶ ወደ ሥጋዋ የመመለስ ሥልጣን የፈጣሪዋ ብቻ ነው። ሰይጣን ፍጡር ስለሆነ ያታልላል፣ በምትሐት ያሳያል፣ ሕይወትን ግን አይሰጥም። ኦሪት ዘዳግም «ሙታን ሳቢ» በመካከላችሁ አይገኝ ብሎ ሲከለክል (18፥11) ድርጊቱን እንደ ርኵሰት ነቅፎታል እንጂ ሙታንን የማስነሣት ኃይል እንዳለው አልመሰከረለትም።

እንግዲህ አልዓዛርን እንመልከት። ጌታችን በአራተኛው ቀን በስሙ ጠራው፤ ሲወጣም «ፍቱትና ይሂድ ተዉት» አለ (ዮሐ. 11፥44)። ቦኮር አስሮ ያስነሣል፣ ጌታ አስነሥቶ ይፈታል። ከዚያም አልዓዛር ከጌታ ጋር በማዕድ ተቀምጦ ታየ (ዮሐ. 12፥2)፤ በኋላም የቆጵሮስ ጳጳስ እንደ ሆነ ትውፊት ይናገራል። በናይን የመበለቲቱ ልጅ ተነሥቶ መናገር ጀመረ፣ ጌታም ለእናቱ ሰጣት። የኢያኢሮስን ልጅ ባስነሣ ጊዜ የምትበላውን እንዲሰጧት አዘዘ፤ ታምማ ሞታ የነበረች ሕፃን ትራባለችና። ይህን ትእዛዝ ባነበብሁ ቍጥር ልቤ ይነካል። እነዚህ ሁሉ ስማቸውን፣ ዘመዶቻቸውንና ፈቃዳቸውን ይዘው የተነሡ ሰዎች ናቸው፤ ቆይተውም እንደ ማንኛውም ሰው ዐርፈዋል። በጸሎተ ሃይማኖት ተስፋ የምናደርገው የሙታን መነሣት ከዚህም ይበልጣል፤ በዚያን ጊዜ ሥጋ የማይበሰብሰውን ለብሶ ይነሣልና።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በእኛም አገር «ቡዳ የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ ባሪያ ያደርገዋል» የሚል ከሄይቲው ጋር እጅግ የሚመሳሰል ወሬ ሲነገር ኖሯል። በዚህ ወሬ ምክንያት ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ተሰድበዋል፣ ተገልለዋል፣ ተደብድበዋልም። ክፉ መንፈስ መኖሩን እናምናለን፤ ነገር ግን ሰውን በእጁ ሥራ ወይም በትውልዱ ሙት አስነሺ ብሎ መክሰስ በሐሰት መመስከር ነው። ጌታችን ራሱ «የጸራቢ ልጅ» ተብሎ ተንቋል። ልጅዎን ስለ ዞምቢ ሲያስተምሩ ይህንንም አብረው ያስተምሩት፤ ፊልሙን ከልክለን ወሬውን በቤታችን ብናወራ ምን ጠቀምነው?

ስለ ፊልሙ የጠየቁትን በተመለከተ፣ ፊልም ስላየ ብቻ ጋኔን ይይዘዋል ብለው አያስፈራሩት። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሙቱን ሥጋ አጥባ፣ ገንዛ፣ መጽሐፈ ግንዘት አድርሳ፣ በዕጣንና በጸሎት የምትሸኘው የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ስለ ነበረና ስለሚነሣ ነው። የሰው ሥጋ ሲቆራረጥና ሲፈርስ እንደ ጨዋታ የሚያይ ልጅ ይህን አክብሮት ቀስ በቀስ ሊያጣው ይችላል፤ በ13 ዓመቱ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ፍርሃትም ይተርፈዋል። ስለዚህ ዕድሜው እስኪጠና እንዲተወው ምክንያቱን እየነገሩ ቢያሳምኑት ይሻላል፤ እምቢ ቢልም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ።

እስከዚያው የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 7 ከቍጥር 11 እስከ 17 ከእርሱ ጋር ያንብቡ። የናይኑ ወጣት ከቃሬዛው ቀና ካለ በኋላ መጀመሪያ ምን እንዳደረገ ይጠይቁትና መልሱን ራሱ ፈልጎ እስኪያገኝ ይታገሡት።