ግራፊክስ ካርድ ሲሰካ ስክሪኑ ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦ «የፎቶና የቪዲዮ ሥራ ነው የምሠራው። ኮምፒውተሬ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 (ትልቁ ኬዝ)፣ ኮር አይ5-3470፣ 8 ጊጋ ራም ነው። በቅርቡ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጊጋ ገዝቼ ሰካሁበት። ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ገመዱን መልሼ ማዘርቦርዱ ላይ ስሰካውም ያው ጥቁር ነው። ካርዱን ሳወጣው ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ሞኒተሬ ቪጂኤ ብቻ ስለሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ኮንቨርተር ገዝቻለሁ። ሻጩ ፓወር ሳፕላይህ አልቻለውም፣ ቀይረው ይለኛል። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ ፓወር ሳፕላይ ለመግዛት አይቸኩሉ። ትልቁ 7010 ይዞት የሚመጣው 275 ዋት ነው። ፕሮሰሰርዎ በሙሉ ጭነት 77 ዋት፣ ካርዱ 75 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ሃርድ ዲስኩ፣ ራሙ፣ ማዘርቦርዱና ፋኖቹ አንድ ላይ 50 ዋት ቢወስዱ እንኳ ድምሩ 200 አካባቢ ነው። ደግሞም ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ ካርዱ ሥራ አልጀመረም። ኃይል ያነሰው ማሽን የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ሬንደር (ቪዲዮውን ጨርሶ የማውጣት ሥራ) ወይም ጌም ሲጀመር ድርግም ብሎ በመጥፋት ነው፤ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ስክሪን በማጥቆር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይመልከቱ። አንዳንድ 1050 ቲአይ ካርዶች ጫፋቸው ላይ ባለ 6 ፒን የኃይል መሰኪያ አላቸው። የእርስዎ እንዲህ ከሆነ ያ ገመድ ሳይሰካ ምስል አይጠብቁ። የዴሉ ፓወር ሳፕላይ ደግሞ ይህ ገመድ የለውም። ከሳታ ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይረውን ርካሽ ማገናኛ ሊሸጡልዎ ይሞክራሉ፤ አይውሰዱት። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፣ በ6 ፒን በኩል ደግሞ እስከ 75 ዋት ሊሳብ ይችላል። ትርፉ የፕላስቲክ ሽታ ነው። መሰኪያ የሌለው ካርድ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ስሎት ራሱ እስከ 75 ዋት ስለሚሰጥ ይበቃዋል።

ገመዱን ወደ ማዘርቦርዱ ሲመልሱት ጥቁር መሆኑ ደግሞ ጭራሽ ብልሽት አይደለም። የዴል ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ስሎቱ ላይ ካርድ ሲያገኝ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለውን ኢንቴል ኤችዲ 2500 በራሱ ይዘጋዋል። ካርዱን ሲያወጡት መልሶ ይከፍተዋል። እንዲያውም ይህ የሚጠቁመው ማዘርቦርዱ ካርዱን እንዳየው ነው። የፋኑ መዞር ግን ምንም አያረጋግጥም፤ 12 ቮልት ደርሶታል ማለት ብቻ ነው። የሞተ ካርድም ፋኑን ያዞራል።

አሁን መታወቅ ያለበት ምስሉ የት ላይ እንደቀረ ነው። ካርዱ እንደተሰካ ኮምፒውተሩን ያብሩና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሱ። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ነም ሎክን ደጋግመው ይጫኑ። መብራቱ እሺ ብሎ ከበራና ከጠፋ ማሽኑ ተነስቷል፣ የጎደለው ምስል ብቻ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው ከካርዱ ወደ ሞኒተሩ ባለው መንገድ ላይ ይወድቃል። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ፣ በተለይ ደግሞ ማሽኑ 6 ጊዜ ቢፕ ካለ፣ በዴል አቆጣጠር የቪዲዮ ካርድ ስህተት ነው፤ ወደ ስሎቱና ወደ ካርዱ ይሂዱ።

ከጽሑፍዎ ስነሳ የእኔ ግምት የመጀመሪያው ነው፤ ኮንቨርተሩ። 1050 ቲአይ የአናሎግ ምልክት ፈጽሞ አያወጣም። ስለዚህ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ዕቃ ውስጡ ቺፕ ያለውና ኃይል የሚፈልግ መሆን አለበት። ኃይሉን የሚያገኘው ከኤችዲኤምአዩ 18ኛ ፒን ነው፤ በዚያ ፒን ላይ ካርዱ የመስጠት ግዴታ ያለበት 5 ቮልት ሆኖ 55 ሚሊ አምፒር ብቻ ነው። ርካሾቹ ኮንቨርተሮች ከዚህ በላይ ሲጠይቁ ወይ ጭራሽ አይነሱም ወይ ምስሉ ብልጭ እያለ ይጠፋል። ጎኑ ላይ ትንሽ የማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው የስልክ ቻርጀር ይሰኩበትና እንደገና ይሞክሩ። ሌላው የተለመደ ስህተት አቅጣጫው ነው፤ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው በመልክ ከዚህኛው ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ በተቃራኒው ግን አይሠራም። የኤችዲኤምአዩ ጫፍ ወንዴ ሆኖ ካርዱ ላይ በቀጥታ የሚገባ፣ ቪጂኤው ደግሞ ሴቴ መሆን አለበት። በዲቪአይ (በካርዱ ሌላኛው የምስል መውጫ) በኩል እሞክራለሁ ካሉም ልፋት ነው፤ የዚህ ካርድ ዲቪአይ ከጠፍጣፋዋ ፒን ዙሪያ ያሉት አራት ቀዳዳዎች የሉትም፤ ያለ ቺፕ የሚሠራው ትንሹ ማገናኛ አይገባበትም።

ይህን ሁሉ ጥርጣሬ በአምስት ደቂቃ የሚዘጋው የቤትዎ ቴሌቪዥን ነው። ኮምፒውተሩን ተሸክመው ይሂዱና በተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ካርዱን ቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ያገናኙት። መጀመሪያ ገመዱን ይሰኩ፣ የቴሌቪዥኑን ግብዓት በትክክለኛው ቁጥር ላይ ያድርጉ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ያብሩ። የዴል ምልክት ከታየ ካርዱ ደህና ነው፤ የሚቀየረው ኮንቨርተሩ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ እየሠራ በአሮጌው ሞኒተር «ከአቅም በላይ» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳሉ ሪዞሉሽኑን ሞኒተሩ ወደሚችለው፣ ለምሳሌ 1280 በ1024፣ ዝቅ አድርገው ይመልሱት።

ቴሌቪዥኑም ጥቁር ከሆነ ወደ ስሎቱ እንሂድ። የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፣ የኬዙን ብረት ይንኩና ካርዱን ያውጡ። 7010 ላይ ትልልቅ ስሎቶች ሁለት ናቸው፤ ሰማያዊው ሙሉ 16 መስመር አለው፣ ጥቁሩ ግን ርዝመቱ ያው ሆኖ 4 መስመር ብቻ ነው። ሰማያዊውን ይጠቀሙ። በወርቅ የተለበጡትን የካርዱን ጥርሶች በነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ያሹ፣ ፍርፋሪውን ይጥረጉ፣ ካለዎት በአይሶፕሮፒል አልኮል ያብሱትና ይድረቅ። ስሎቱን በአፍዎ አይንፉበት፤ ትንፋሽ እርጥብ ነው። ሲመልሱት ሁለቱንም ጫፍ እኩል ይጫኑ፤ የስሎቱ መያዣ ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት። ብሎኑን ካሰሩ በኋላ ደግመው ይዩት። ብዙ ጊዜ ብረቱ ከኬዙ ጋር ስለሚላተም ብሎኑ ሲጠብቅ የካርዱ ሌላኛው ጫፍ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይነሳል፤ ያቺ ትበቃለች።

ከዚህም በኋላ እምቢ ካለ የካርዱን ማንነት ይጠርጥሩ። በ1050 ቲአይ ስም የሚሸጥ ፎርጅድ በጣም ብዙ ነው፤ እንደ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ያለ አሮጌ ካርድ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ተቀይሮ ስሙን እንዲዋሽ ይደረጋል። አንዱ ምልክት ዓይን ላይ ነው፦ ካርዱ ጀርባ ሰማያዊ ባለ 15 ቀዳዳ ቪጂኤ ካለ በእርግጥ ይጠርጥሩ። የተነካካ ሶፍትዌር ያለው ካርድ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የባዮስ አሠራር) መንገድ ምስል ማውጣት ሊያቅተው ይችላል። ካርዱን አውጥተው በኤፍ2 ባዮስ ይግቡ፣ የአድቫንስድ ቡት ምርጫው ውስጥ ሌጋሲ ኦፕሽን ሮም የሚለውን (የድሮውን አሠራር የሚፈቅደውን) ያብሩና እንደገና ይሞክሩ። በዚህ ከተነሳ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱ። እውነተኛው 768 ሼደር (የካርዱ ትንንሽ ማስሊያዎች)፣ ጂፒ107 ቺፕ፣ 128 ቢት ጂዲዲአር5 ይላል። ከ2018 ወዲህ ያሉት የፕሮግራሙ ስሪቶች የሚያውቁትን ፎርጅድ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብለው ይጽፉበታል። እንደዚያ ካለ ፎቶ አንስተው ለሻጩ ይመልሱ፤ ድራይቨር በመጫን የሚድን በሽታ አይደለም።

ባዮሱን አዘምን የሚል ምክርም ያገኛሉ። የመጨረሻው የ7010 ስሪት ኤ29 ነው፤ መጫኑ አይጎዳም፣ ግን ያለ ዩፒኤስ አይንኩት። በመሃል መብራት ከሄደ ከካርድ ችግር ወደ ማዘርቦርድ ችግር ይሻገራሉ።

ምስል ከመጣ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ብቻ ከታየ ድራይቨር የለም ማለት ነው። ከኢንቪዲያ ድረ ገጽ ለ1050 ቲአይ ይምረጡ፤ ይህን ትውልድ የሚደግፈው የመጨረሻው ተከታታይ 580 ነው፣ ከእሱ በኋላ የመጡትን ተከታታዮች አያውርዱ። ኮድ 43 የሚል ቢጫ ምልክት ከመጣ የድሮውን ድራይቨር በሴፍ ሞድ ገብተው ዲዲዩ በሚባለው ድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም ጠራርገው ያጥፉና አዲሱን ይጫኑ። ከዚያም በኋላ ኮድ 43 ከተመለሰ ካርዱ ፎርጅድ ወይም የተጎዳ ሳይሆን አይቀርም።

ለእርስዎ ሥራ አንድ አቋራጭ አለ፣ ሌላ ኮንቨርተር መግዛትም ላያስፈልግዎ ይችላል። ካርዱን አውጥተው ባዮስ ውስጥ ቪዲዮ ከሚለው ሥር መልቲ ዲስፕሌይን ያብሩ፣ ያስቀምጡ፣ ካርዱን ይመልሱ። አሁን የኢንቴሉም የኢንቪዲያውም ሁለቱ አብረው ይሠራሉ። ሞኒተሩን እንደ ድሮው ማዘርቦርዱ ቪጂኤ ላይ ይሰኩት። ሲበራ የዴል ምልክት ላይታይ ይችላል፤ ዊንዶውስ ሲገባ ምስሉ ይመጣል። ከዚያ ፕሪሚየር ውስጥ ፋይል፣ ፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ ጄኔራል ገብተው ሬንደረሩን ኩዳ (ስሌቱን ለኢንቪዲያው ካርድ የሚሰጠው ምርጫ) ላይ ያድርጉት። ሬንደር ሲጀምሩ ታስክ ማኔጀርን ከፍተው ፐርፎርማንስ የሚለው ላይ የኢንቪዲያውን ጂፒዩ ይመልከቱ፤ መስመሩ ከፍ ካለ ካርዱ ሥራውን እየሠራ ነው። ጌም ግን በዚህ መንገድ አይመከርም፤ ምስሉ በኢንቴሉ በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ፍጥነት ይቀንሳል።