ለራሴ ካርታ ሳነብ ለምን አዳላለሁ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ የምጽፍላችሁ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ትዳር ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ አንዲት ሴት ልጅ አለችን። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ሲሆን ባለፈው ዓመት ሳያማክረኝ ወደ ቡሬ ተዛውሮ፣ አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ይመጣል። ማታ ማታ ስልኩ የማይነሳበት ጊዜ በዝቷል። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ያመጣችልኝ፣ ዕጣ ፈንታ የሚጠየቅበት ባለሥዕል የታሮት ካርታ አለኝ፤ ለጎረቤቶቼና ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነብላቸው ‹‹እንዳልሽው ሆነ›› ይሉኛል። ለራሴ ሲሆን ግን ዓይኔ ይጋረዳል። ልጄ ስትተኛ ሦስት ካርታ እስባለሁ፤ መጥፎ ከወጣ በውዤ እደግማለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ልብ በሦስት ሰይፍ የተወጋበት ካርታ አራት ጊዜ ወጥቶብኛል። ባለቤቴ ባለፈው ሲመጣ ቡና ላይ ‹‹ምነው ዝም አልሽ፣ ምን አጠፋሁ?›› ቢለኝ ‹‹ደክሞኝ ነው›› አልኩት፤ ሲተኛ ‹‹ምን እየደበቀኝ ነው?›› ብዬ ብስብ የተደበቀ ነገርን ያመለክታል የሚባለው የጨረቃ ካርታ ወጣ። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ሳላዳላ ለራሴ ማንበብ የምችለው እንዴት ነው? ካልሆነስ ካርታውን ልጣለው?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የጠየቅሽን ስለ ካርታ ነውና ከእርሱ ልጀምር። ታሮት በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ ለጨዋታ የተጀመረ ሲሆን ዕጣ ፈንታን ለመጠየቅ በሰፊው መዋል የያዘው ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በፈረንሳይ ነው። የገለጽሽው ሥዕል ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ሥላው እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ ከታተመው የታሮት መደብ (ሙሉ የካርታ ስብስብ) ላይ ይገኛል፤ ያ መደብ 78 ካርታዎች አሉት። ሦስት ካርታ በሚሳብበት ማታ አንድ የተወሰነ ካርታ የመውጣት ዕድሉ ከ26 አንድ ነው። በአንድ ማታ ሁለቴ የምትስቢ ከሆነ ደግሞ ያው ካርታ በአማካይ በ13 ቀን አንዴ ብቅ ይላል፤ በሁለት ወር ሲሰላ አራት ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። የተወጋው ልብ አራት ጊዜ የመጣብሽ እንግዲህ ደጋግመሽ ስለሳብሽ ነው። ይህን የምጽፈው ላሾፍብሽ ብዬ አይደለም፤ በዚያው ሁለት ወር ከሳብሻቸው ከሦስት መቶ በላይ ካርታዎች መካከል እነዚያን አራቱን ብቻ እንደቆጠርሽ እንድታስተውዪ ብዬ ነው።

ካርታ አንባቢዎች ራሳቸው ለማዳላት መድኃኒት ይሆናሉ የሚሏቸው ደንቦች አሏቸው፤ አንድን ጥያቄ አንዴ ብቻ መጠየቅ፣ በጭንቀት ሰዓት አለመሳብ፣ የታያቸውን ወዲያው ጽፈው ከቀናት በኋላ መልሰው ማንበብ፣ ካርታው ለጓደኛ የወጣ ይመስል መተርጎም። መጥፎ ደንቦች አይደሉም። የመጨረሻው እንዲያውም ከምርምር ጋር ይገጥማል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች የፍቅር አጋር ታማኝነት ማጉደልን ከፊሎቹ በራሳቸው፣ ከፊሎቹ በወዳጃቸው ላይ እንደደረሰ አድርገው እንዲያስቡ ተጠየቁ። ስለ ወዳጃቸው ያሰቡት ይበልጥ አስተዋዮች ሆነው ተገኙ፤ ሰዎች የገዛ ጉዳያቸውን ከውጭ እንደሚያይ ሰው ሆነው እንዲያዩት ሲደረግ ግን ልዩነቱ ጠፋ። አጥኚዎቹ ክስተቱን የሰሎሞን ተቃርኖ አሉት፤ ለሌላው በመፍረድ የተደነቀው ንጉሥ የገዛ ቤቱን በማስተዳደር አልተመሰገነምና ነው (እኛ ሰሎሞንን ይበልጥ የምናስታውሰው በሌላ ታሪክ ቢሆንም)። ስለዚህ ባልደረቦችሽ ‹‹እንዳልሽው ሆነ›› ቢሉሽ አይገርመኝም። ከካርታው ይልቅ እነርሱን፣ ፊታቸውንና አነጋገራቸውን እያነበብሽ ይመስለኛል።

እነዚህን ደንቦች አስረድቼሽ ልሰናበትሽ እችል ነበር። ነገር ግን ደብዳቤሽን ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር የያዘኝ ሌላ ነገር ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ ካርታው ብዙ ይናገራል። ባለቤትሽ የተናገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ጥያቄ ነው። ‹‹ምን አጠፋሁ?›› ሲልሽ ‹‹ደክሞኝ ነው›› አልሽው፤ እንቅልፍ ሲወስደው ተነስተሽ ‹‹ምን እየደበቀኝ ነው?›› ብለሽ ካርታ ሳብሽ። እህቴ፣ ቅር አይበልሽና፣ በዚያች ማታ ከሁለታችሁ ልቡን የደበቀው ማን ነበር? ስልኩ የማይነሳበት ምክንያት ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፣ የምትፈሪውም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ከዚህ ሆኜ የምፈርደው አይደለም። ያን ማታ ግን ለመስማት የቀረበው እርሱ ነበር፤ የመለስሽው አንቺ ነሽ።

ከዚህም ሌላ፣ ‹‹ሳያማክረኝ›› የምትል ቃል ጽፈሽ ወዲያው አልፈሻታል። ስለ ሰይፉና ስለ ጨረቃው ያብራራሽውን ያህል ስለ እርሷ አላብራራሽም። ለእኔ የደብዳቤሽ ሕመም ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው። በሥራዬ ዘመን ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር ለሰው ልጅ ጥርጣሬ ከቅያሜ እንደሚቀለው ነው። ጥርጣሬ ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ላይ ይጥላል፤ የሚፈልገውም ማስረጃ ብቻ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ ብቻን ሆኖ፣ በሌሊት፣ ማንንም ሳይቀሰቅሱ ይፈለጋል። ቅያሜ ግን ባለቤቱን ያጋልጣል። ‹‹ሳታማክረኝ መሄድህ ከፋኝ›› የምትል ሚስት ‹‹ከእኔ ጋር እንድትሆን እፈልግ ነበር›› እያለች ነው፤ ይህን አውጥቶ ተናግሮ ‹‹እና ይሄ ምን ያስከፋል?›› የሚል መልስ መስማት ከየትኛውም ክፉ ካርታ ይበልጥ ያስፈራል። ‹‹ሆድ ይፍጀው›› ብሎ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ፣ ለሴት ሲሆን ይልቁንም፣ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ አንቺም ያደረግሽው ይህንኑ ይመስላል። ዳሩ ግን ዓመት ሙሉ ሆድሽ ያመቀው ቅያሜ መልኩን ለውጦ፣ ስልኩን የሚያጠራጥር፣ ጨረቃውን የሚያስፈራ ሆኖ ተመልሷል።

ለዚህ ደግሞ ካርታ ይመቻል። ጠይቀሽው መልሶ አይጠይቅሽም፤ ‹‹ይህን ማወቅ ለምን ፈለግሽ?›› አይልም፤ ዓይንሽ እንባ ማቅረሩን አያይም። አለማዳላት ብለሽ የጠራሽው ነገር፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ራስሽ ሳትታዪ ሌላውን የማየት ምኞት ነው፤ ይህን ምኞት ደግሞ የትኛውም የአነባበብ ደንብ አይሞላልሽም።

በጎጃም የቅኔ ቤቶች ያለውን ልማድ መቼም ሰምተሻል። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ብቻውን ተገልሎ ዛፍ ሥር ይውላል። የቆጠረውን ግን ራሱ መዝኖ አያጸድቀውም፤ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ቤቱ ያልሞላውን፣ ምሥጢሩ የጎደለውን መምህሩ ያርመዋል። ይህ የሆነው ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የገዛ ቅኔ ለገዛ ጆሮ አብዝቶ ስለሚጥም ነው። ያንቺ በተቃራኒው ለገዛ ጆሮሽ አብዝቶ መሮብሻል፤ በሁለቱም በኩል የጎደለው ግን ሌላ ሰሚ ነው። ስኒ ገልብጦ ማየት እንኳ በዚህ ከታሮትሽ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ አጠገብሽ የተቀመጠች ጎረቤት ‹‹ተይ እንጂ፣ ባልሽ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም›› ትላለች። (ወደ ስኒ ተመለሺ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።)

ከሩቅ ሆኜ ይህን አድርጊ፣ ያንን ተዪ ብዬ ብዙ ማዘዝ አልደፍርም። ቢቻልሽ ባለቤትሽ እስኪመጣ ካርታ አትሳቢ፤ ነገሩንም በስልክ አትጀምሪው። ሲመጣ፣ ልጃችሁ ከተኛች በኋላ፣ መጀመሪያ የምታነሺው ስለ ዝውውሩ ቢሆን ይሻላል፤ ስለ ስልኩ መጠየቅ መብትሽ ቢሆንም ነገሩ በምርመራ ከተጀመረ እርሱም መከላከል ይጀምራል። የተሰማሽን በሁለት ዓረፍተ ነገር ብትነግሪው ይበቃል። ሊደነግጥ፣ ሊቆጣ ወይም ዝም ሊል ይችላልና በመጀመሪያው ምላሹ አትፍረጂ፤ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ታገሺ። እርሱን ለማነጋገር የምትፈሪበት የተለየ ምክንያት ካለ፣ ለምሳሌ እጁን ያነሳብሽ እንደሆነ፣ ይህ ምክሬ አይሠራም፤ አስቀድመሽ የምታምኚውን ሰው አማክሪ። ንግግሩ ወደ ጠብ ካመራ ወይም እንቅልፍ ካጣሽ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ለፊት አግኚ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ባይሆንልሽ ባህር ዳር ድረስ መሄድ አይክበድሽ፤ ሁለታችሁ አብራችሁ ብትሄዱ ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው። የንስሐ አባትሽም ስለ ካርታው ይገሥጹሽ ይሆናል፤ ሆኖም ተግሣጹን ፈርተሽ ሰሚ አትጪ።

ካርታውን ልጣለው ወይ ላልሽው፣ ለጊዜው አትጣይው፤ ሳይታይ መጣልም ያው መደበቅ ነው። ባለቤትሽ ሲመጣ ካርታው የት እንደተቀመጠ አሳዪው፤ ማታ ማታ ስለ እርሱ ስትጠይቂው እንደነበርም ንገሪው።