ዲሊት ከማረጋችሁ በፊት

ድረገጽ ላይ ጽሁፍ የምታወጡ ልጆች፣ እኔ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት። በኛ ጊዜ ጋዜጣው አንዴ ከማተሚያ ቤት ከወጣ ወጣ ነው፣ ጉድ ብትጽፍ በሳምንቱ ቆሎ ሻጯ ጠቅልላበት ታገኘዋለህ እንጂ መልሰህ አትሰበስበውም፣ ያለህ እርማት ማውጣት ብቻ ነው። እናንተ ግን አንድ በተን ስትጫኑ አለቀ፣ "ገጹ አልተገኘም"።

እኔም ተጭኜዋለሁ፣ አልዋሽም። አንድ የሰራሁበት ድረገጽ ላይ የወጣ የአስተያየት ጽሁፍ ሰው ሲያንጫጫ ማታ ሶስት ሰአት ላይ ተደዋወልንና ምንም ሳንል አወረድነው። ጠዋት ቴሌግራም ስከፍት ስክሪንሻቱ ከነጸሐፊው ፎቶ ይዞራል፣ ስሩ ደሞ "ስንት ተከፈላቸው?" ጸሐፊው ልጅ ደውሎ "ጋሼ ምን አጠፋሁ?" ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ፣ ምክንያቱም ያወረድነው ስህተት አግኝተንበት ሳይሆን ፈርተን ነው።

የደቡብ አፍሪካውን የዜና ድረገጽ ሀፊንግተን ፖስትን እዩት። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2017 ሼሊ ጋርላንድ በሚል ስም "ነጭ ወንዶች የመምረጥ መብታቸው ቢነሳስ" የሚል ጽሁፍ አወጡ፣ አገር ሲቆጣ ዋና አዘጋጇ ቬራሽኒ ፒላይ መጀመሪያ ጽሁፉን ደግፋ ጻፈች፣ ከዛ ሼሊ የምትባል ሰው ብትፈለግ የለችም፣ ጽሁፉ ወረደ፣ ኋላ ሲጣራ የጻፈው ወንድ ነው! አዘጋጇ በዛው ወር ለቀቀች። በሚዲያ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚያየው የአገሩ የፕሬስ እንባ ጠባቂ ጽሁፉ የጥላቻ ንግግር ነው ብሎ ወሰነ፣ በይግባኝ ደሞ ውሳኔው ተሻረ። ስለ ሀሳቡ የተማሩትም አልተስማሙም ማለት ነው፣ "ይቺ ልጅ ማናት" ብሎ ሳያጣሩ ማውጣት ግን በማንም ሚዛን ጥፋት ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ ሰው ተናደደ ወይ ብላችሁ አይደለም። ውሸት አለበት? ጸሐፊው የለም? ሰው ላይ የሚያነሳሳ ነገር አለው? (የጥላቻ ንግግር አዋጁን 1185/2012ን አንብቡት እባካችሁ፣ በወሬ አትወቁት።) ከሆነ አውርዱ፣ ግን ቦታው ላይ መቼ፣ ለምን፣ ማን እንደወሰነ ጻፉ፣ ለጸሐፊውም ከአንባቢው በፊት ደውሉ። እንዲሁ የሚያበግን ሀሳብ ብቻ ከሆነ ደሞ ይቀመጥ፣ የተበሳጨው መልስ ይጻፍ፣ እሱንም አውጡለት።

ያ የኛ ሊንክ እስካሁን ባዶ ነው። ልጁን ይቅርታ ያልኩት ከሁለት አመት በኋላ ቡና ላይ ነው፣ ስልኩን አወጣና ስክሪንሻቱን አሳየኝ፣ አላጠፋውም።