«ያው ምርመራ አይደል?»

እህቴ፣

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀሽ ሥራ ፍለጋ ላይ እንዳለሽ ጽፈሽልኛል። ፖሊስ ሰው ሲገድል ወይም ሲያቆስል የሚያጣራ ገለልተኛ መርማሪ መሆን ነው ምኞትሽ። ያስተማሩሽ አጎትሽ የፖሊስ ኮማንደር ናቸው። «እኛ ጋ ዲሲፕሊን ክፍል ላስገባሽ፣ ያው ምርመራ አይደል?» አሉሽ። እናትሽም ደሞዙን አስበው «እሺ በይ» እያሉሽ ነው።

ያው አይደለም።

ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ በፖሊስ ጥይት የሞተ ልጅ መዝገብ እጄ ገባ። የቦታውን ንድፍ የሠራው የተኳሹ ባልደረባ ነው። ምስክሮቹ በሙሉ ፖሊሶች፣ ቃላቸውም የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ዓይነት። «ቀለህ አልተገኘም» ይላል። አስከሬኑ ሳይመረመር ተቀብሯል። በማስረጃ እጥረት ተዘጋ። እነዚያ ሰዎች የተለዩ ክፉዎች አልነበሩም። መርማሪው ነገ ከተኳሹ ጋር ተረኛ ነው፤ እድገት የሚፈርምላቸውም አንድ አለቃ ነው። አንቺም እዚያ ብትሆኚ ከዚህ አታመልጪም፣ ያውም አለቃው አጎትሽ ሆነው!

ኬንያ ይሄ ገብቷት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አይፖዋ የሚባል፣ ፖሊስን የሚቆጣጠር የሲቪል ተቋም አቋቋመች። የራሱ መርማሪዎች አሉት፤ ክሱን ግን ዐቃቤ ሕግ ነው የሚመሰርተው። ደቡብ አፍሪካም ለዚሁ ሥራ አይፒድ የሚባል ተቋም አላት። እኛ ጋ ለዚህ ብቻ የቆመ ተቋም የለም። የሚቀርበው የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። በ2012 ዓ.ም. የተሻሻለው አዋጅ ሳያሳውቅ እስረኛ ያለበት ቦታ እንዲገባ ፈቅዶለታል። ይመረምራል፣ ሪፖርት ያወጣል፣ መክሰስ ግን አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ግቢ። ወደ ኮሚሽኑ በቀጥታ መሄድ የሚሻል የሚመስላቸው አሉ፣ እኔ አልስማማም። መዝገብ የት ላይ እንደሚበላሽ የሚታየው ዐቃቤ ሕጉ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሐኪም ማስረጃ ማንበብ፣ ጥይቱ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ መጠየቅ፣ የፈራ ምስክር ማናገር እዚያ ይለመዳል። የዐቃቤ ሕግ ቅጥር ማስታወቂያ እስኪወጣ ዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ሄደሽ በነፃ አገልግይ። ኮሚሽኑ ባሕር ዳር ላለው ቢሮ ሰው ሲፈልግ ያኔ ልምድ ይዘሽ ትወዳደሪያለሽ።

አባትሽ «ይሄ ሥራ ያሰድዳል» ማለታቸው ባዶ ፍርሃት አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መገደላቸውን መዘገበ፤ ሰብሳቢው የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ከአገር ወጡ። ይህን አውቀሽ ግቢ።

እናትሽን ግን አልደግፍም። አጎትሽ ላወጡት ገንዘብ ደሞዝ ስታገኚ ጋቢ ግዢላቸው፣ ቤት ኪራይም አግዢ። ሥራሽን ግን የውለታ መክፈያ አታድርጊው። ደሞዙም ቢሆን በሰማሁት ከዐቃቤ ሕግ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ስለ ነጥብሽ አትጨነቂ፣ ያልፋል። እንግሊዝኛሽን ግን አሻሽይ፤ ሪፖርት በእሱም ይጻፋል።

ማመልከቻ ስታስገቢ ደግሞ የአጎትሽን ስም ስለ አንቺ የሚጠየቅ ሰው አድርገሽ እንዳትጽፊ።