ጫጩቶቹ ቫይታሚን እየጠጡም ለምን አላደጉም?

ጥያቄ፦ በመፈልፈያ ማሽን ጫጩት አስፈለፍላለሁ። በ20ኛው ቀን መውጣት ይጀምራሉ። ግን ትንንሽ ናቸው፤ የብዙዎቹ እትብትም አልተዘጋም። ቫይታሚን በውሃ ብሰጣቸውም ለውጥ የለም። ገና እንቁላል ውስጥ እያሉ በመርፌ ምግብ መስጠት ይቻላል ሲባልም ሰምቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ማሽኑን እንይ። የዶሮ እንቁላል ጊዜው 21 ቀን ነው። ጫጩቱ ቀድሞ ሲወጣ፣ ሲያንስና እትብቱ ሳይዘጋ ሲቀር ቀድሜ የምጠረጥረው ሙቀት መብዛቱን ነው። ሙቀት የበዛበት ሽል ይቸኩላል። አስኳሉን በደንብ ሳይጠቀምበት ይወጣል፤ ልቡና አንጀቱም በቅጡ አይዳብሩም። እንዲህ ተጎድቶ የወጣን ጫጩት ቫይታሚን አይክሰውም።

ማራገቢያ ላለው ማሽን ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ይበቃል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ግን አይመኑ። በተለይ በመጨረሻው ሳምንት ሽሉ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ አየሩ ልክ ሆኖ እንቁላሉ ሊግል ይችላል። የሰው ትኩሳት የሚለካበትን ዲጂታል ቴርሞሜትር ይውሰዱ፤ ጫፉን የእንቁላሉ ወገብ ላይ ለጠፍ አድርገው ይያዙት። 37.8 ገደማ ካሳየ ጥሩ ነው። ወደ 39 ከተጠጋ ችግርዎ እሱ ነው።

እርጥበቱን በሚዛን ይፈትሹት። 60 ግራም የነበረ እንቁላል በ18ኛው ቀን 53 ግራም አካባቢ መምጣት አለበት። ብዙም ካልቀነሰ እርጥበቱ በዝቷል፤ ከዚያ በታች ከወረደ ደርቋል። ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ማገላበጡን ያቁሙ፣ እርጥበቱንም ወደ 65 እና 70 በመቶ ከፍ ያድርጉ።

የመርፌው ነገር እውነት ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ቀን ገደማ ሽሉ የተንሳፈፈበትን ፈሳሽ ይውጣል፤ ያ ፈሳሽ ውስጥ ስኳርና አሚኖ አሲድ ሲጨመር አንጀቱ ቶሎ እንደሚዳብር በምርምር ታይቷል። ቤት ውስጥ ግን እንዳይሞክሩት! ቅርፊቱን ሲበሱ ለጀርም በር ከፈቱ ማለት ነው።

ሽሉን መመገብ ከፈለጉ እናቲቱን ይመግቡ። ለሚበላ እንቁላል የሚሆን መኖ ለዘር እንቁላል ቫይታሚኑ ሊያንስ ይችላል። ቫይታሚን ቢ2 ያነሳት ዶሮ እንቁላል ውስጥ ሽሉ ይሞታል፤ ተርፎ የወጣውም ጣቶቹ ወደ ውስጥ ሊቆለመሙ ይችላሉ። ስለዚህ ለእርባታ ዶሮ የተዘጋጀ መኖ ይፈልጉ። እንቁላሉንም ከሳምንት በላይ አያቆዩት።

ጫጩቶቹ እንደደረቁ አውጥተው ውሃና መኖ ያቅርቡላቸው። በሆዳቸው የቀረው አስኳል ሁለት ሦስት ቀን ያኖራቸዋል እየተባለ ብዙ ሰው ይዘናጋል፤ አንጀት የሚያድገው ግን ምግብ ሲገባበት ነው። በማግስቱ አንገታቸው ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በጣትዎ ዳሰስ ያድርጉ። ሞላ ብሎ ለስላሳ ከሆነ በልተዋል፤ ጠጠር ካለ መኖ እንጂ ውሃ አላገኙም። ባዶ ከሆነ ደግሞ የክፍሉን ሙቀትና የመኖውን አቀማመጥ ያስተካክሉ።

በሚቀጥለው ዙር የቅርፊቱን ሙቀትና የ18ኛውን ቀን ክብደት መዝግበው ይላኩልኝ።